የኋላው በር፦ የካሮልተን አውቶቡስ ጉዳይ

ነገሩን ከበረዶ ሳጥኑ ልጀምር። ለሽርሽር የወጣ ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት ነው፤ ለስላሳ በበረዶ ተሞልቶ የሚያዝበት ሳጥን። አውቶቡሱ ውስጥ፣ መተላለፊያው ላይ፣ ከኋላው የአደጋ ጊዜ በር አጠገብ ተቀምጧል። ያስቀመጠው ሰው ክፉ አላሰበም። ልጆቹ ሲጠማቸው እንዲቀርባቸው ብሎ ነው። ደግሞስ የት ያስቀምጠው? አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል።

ቦታው አሜሪካ፣ ኬንታኪ ግዛት ነው። ቀኑ ቅዳሜ፣ ሜይ 14 ቀን 1988። በእኛ ግንቦት 6 ቀን 1980 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ግን ሁሉም በፈረንጅ ናቸው። ራድክሊፍ የምትባል፣ ከፎርት ኖክስ የጦር ሰፈር ጎን ያለች ከተማ አለች። የአንድ ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች፣ የጋበዟቸው የትምህርት ቤት ጓደኞቻቸውና ጥቂት አዋቂዎች ከዚያ ተነስተው ኪንግስ አይላንድ ወደሚባል የመዝናኛ ፓርክ ሄዱ። ፓርኩ ኦሃዮ ውስጥ፣ ሲንሲናቲ አጠገብ ነው። መንገዱ 270 ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል። ከአዲስ አበባ ሀዋሳ በሉት። ሲጫወቱ ዋሉ፤ ማታ ወደ ቤት ተነሱ።

ሹፌሩን ጨምሮ 67 ሰው ተሳፍሯል። አብዛኛው ልጅ ነው።

አውቶቡሱ ኢንተርስቴት 71 በሚባለው አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ይሄዳል። ከምሽቱ 5 ሰዓት ሊሆን 5 ደቂቃ ሲቀረው፣ ካሮልተን ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ሲደርስ፣ ከፊት ለፊቱ መኪና መጣበት። መንገዱ ግን መሀሉ የተከፈለ ነው። በዚያ በኩል ማንም ከፊት ሊመጣ አይችልም። የመጣው ጥቁር ቶዮታ ፒካፕ ነበር፤ አቅጣጫ ስቶ ወደ ሰሜን እየነዳ። መሪውን የያዘው የ34 ዓመት ሰው ሰክሯል። አንድ ሁለት ቢራ የቀመሰ እንዳይመስላችሁ። ከአደጋው በኋላ ደሙ ሲመረመር የአልኮሉ መጠን 0.24 ሆኖ ተገኘ። ያኔ በኬንታኪ ሕግ ወሰኑ 0.10 ነበር። ከዚያ በፊትም ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ ያውቃል።

ፒካፑ አውቶቡሱን በፊት ቀኝ በኩል፣ መሳፈሪያው በር ጋ መታው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እኔን ይህን ጉዳይ እንድጽፍ ያደረገኝ ቀጥሎ ያለው ነገር ነው። አውቶቡሱ ሲቆም ከተሳፋሪዎቹ አንድም የሞተ አልነበረም። ልጆቹ ተንገጫግጨዋል፣ ተላግተዋል፣ ከእንቅልፋቸው በርግገው ነቅተዋል። በሕይወት ግን አሉ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ጉዳዩን መርምሮ በ1989 ባወጣው ሪፖርት የደረሰበት ይኸው ነው። የሞቱት ሁሉ የሞቱት በእሳትና በጭስ እንጂ በግጭቱ ምት አይደለም።

ይህ ሲታሰብ ብዙም አይገርምም። አውቶቡስ ከባድ ነው፣ ወለሉም ከፍ ያለ ነው። ከትንሽ መኪና ጋር ሲላተም ምቱ የሚያርፈው ከተሳፋሪው በታች ነው። ሰዉ ወደፊት ይወረወራል፤ ፊቱ ከፊቱ ካለው ወንበር ጋር ይጋጫል፤ ጥርስ ይረግፋል፣ አፍንጫ ይሰበራል፣ ጉልበትና አንገት ይጎዳል። አውቶቡስ ውስጥ ሰው በብዛት የሚያልቀው ሲገለበጥና በመስኮት ሲወረወር ነው፤ ወይ ገደል ሲገባ፣ ወይ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ፣ ወይ ሲቃጠል። የካሮልተኑ አውቶቡስ አልተገለበጠም። በአራት ጎማው መንገዱ ላይ ቆሟል።

ታዲያ ምን ተፈጠረ?

ጋራዥ የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ፒካፑ ሲመታው የፊት ቀኝ ባሌስትራው፣ ማለት ጎማውን የሚደግፈው የብረት ስፕሪንግ፣ ተነቀለና ወደ ኋላ ተገፋ። ከኋላው ደግሞ ሰርባቶዮው፣ ማለት የነዳጅ ታንከሩ፣ አለ። ሰርባቶዮው የተገጠመው ልክ ከመሳፈሪያው ደረጃ ኋላ፣ ከሻንሲው፣ መኪናውን ከስር ከሚሸከመው ብረት፣ ውጪ ነው። ዙሪያውን የሚከላከልለት ነገር የለም። 60 ጋሎን፣ ማለትም 227 ሊትር ያህል የሚይዝ ነው፤ ነዳጁም ናፍጣ ሳይሆን ቤንዚን። ባሌስትራው ሰርባቶዮውን በሳው። ቤንዚኑ ፈሰሰ። ብልጭታ ደግሞ እንዲህ ባለ ግጭት መቼ ይጠፋል? እሳቱ ወዲያው ተነሳ። የተነሳውም በሩ ስር ነው። የፊተኛው በር ራሱ በግጭቱ ተጨማድዶ አልከፈት ብሏል፤ ቢከፈትም የሚወስደው ወደ እሳቱ ነው።

በአንድ ምት መውጫውም ተዘጋ፣ እሳቱም ተለኮሰ። ሁለቱ ጎን ለጎን ስለነበሩ።

ሹፌሩ በትንሿ የእሳት ማጥፊያ እሳቱን ለመታገል ሞከረ። እሱም አልተረፈም።

የቀረው መውጫ የኋላው በር ነው። መተላለፊያው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይሰፋል። ክንዳችሁን ከክርናችሁ እስከ አንጓችሁ ለኩት፤ እሱን ነው የምላችሁ። በቀኝም በግራም ሦስት ሦስት ሰው የሚይዙ ወንበሮች፣ 11 ረድፍ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ወንበሮች የበሩን ስፋት ከሁለቱም ጎን ቆርሰውበታል። እና ያ የበረዶ ሳጥን።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። ሁሉም በሥርዓት ቢወጣ፣ አንድ ሰው በ3 ሴኮንድ ቢወርድ፣ 66 ተሳፋሪ 198 ሴኮንድ ይፈልጋል። ከ3 ደቂቃ በላይ መሆኑ ነው። ይህ እንግዲህ ማንም ሳይደናቀፍ፣ ማንም ጓደኛዬ የታለች ብሎ ወደ ኋላ ሳይል፣ ጨለማና ጭስ ሳይኖር ነው። መዝለልም አለ፤ በሩ ከመሬት ከፍ ይላል። አውቶቡሱ ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ እሳት ሆኗል። ሰዓቱ አይበቃም። ማንም ምንም ባያጠፋም አይበቃም ነበር።

የሆነውም ይኸው ነው። ከፊት ያሉት ወደ ኋላ ሲገፉ፣ ከኋላ ያሉት በሩ ላይ ሲጨናነቁ፣ ሰው ሰው ላይ ተደራረበ። ከውጭ መንገደኞች መኪናቸውን አቁመው ደርሰዋል። በሩ ላይ የተወተፉትን በእጅ በእግራቸው እየጎተቱ አወጡ። ከዚያ በኋላ እሳቱ አላስቀርብ አለ።

መስኮቶቹስ? መስኮቶቹ ነበሩ። ሲከፈቱ ቁመታቸው 23 ሳንቲ ሜትር ግድም ነው። አንድ ስንዝር። ቀጭን ልጅ ይሾልክ ይሆናል፤ ትልቅ ሰው ትከሻው አያልፍም። ለአየር የተሠሩ እንጂ ለማምለጫ የተሠሩ አልነበሩም።

ስለ ወንበሮቹ ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ጉዳዩ ጎደሎ ይሆናል። በፕላስቲክ ፎደራ የተለበጠ ስፖንጅ ነው፤ እኛም አገር በየመኪናው ያለው ዓይነት። ይህ ስፖንጅ ሲቃጠል ዝም ብሎ አይቃጠልም። ጥቁር፣ ወፍራም ጭስ ያወጣል። ጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፣ ሳያናይድም አለ። ሁለት ሦስት ጊዜ በደንብ የሳበው ሰው ራሱን ይስታል። ስለዚህ መቀመጫው ላይ የቀረ ልጅ እሳቱ ሳይደርስበት ጭሱ ይደርስበታል።

በመጨረሻ 27 ሰው ሞተ፣ 34 ቆሰለ። ስድስት ብቻ ናቸው ብዙም ሳይጎዱ የወጡት። ከቆሰሉት መሀል ዕድሜ ልካቸውን የቃጠሎ ጠባሳ ይዘው የሚኖሩ አሉ። ከሞቱት ትንሿ የ10 ዓመት ልጅ ነበረች። የፒካፑ ሹፌር ተርፏል።

አሁን ወደ አንድ የዘጠኝ ቀን ነገር እንምጣ። እኔ መጀመሪያ ሳነበው ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

አውቶቡሱ አሮጌ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነው። ለሜድ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ተገዝቶ አሥር ዓመት ያህል ተማሪ ሲያመላልስ ኖሮ ነው ለቤተ ክርስቲያኑ የተሸጠው። ሻንሲውን የሠራው ፎርድ ነው፤ አካሉን ሱፒሪየር የሚባል ድርጅት ገጠመበት። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ለትምህርት ቤት አውቶቡሶች አዲስ የደህንነት መስፈርት አውጥቶ ነበር። ሰርባቶዮው በግጭት ጊዜ ነዳጅ እንዳያፈስ የሚያስገድደውም አብሮ አለ። መስፈርቱ የሚጸናው ከኤፕሪል 1 ቀን 1977 ጀምሮ በሚሠሩት ላይ ነው። የዚህ አውቶቡስ ሻንሲ የተሠራው ማርች 23 ቀን 1977 ነው። ዘጠኝ ቀን ቀድሞ።

ሕግ አልተጣሰም። በዚያን ዕለት ሕጋዊ ነበር፤ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ግን አዲስ እንዲያ ሆኖ ሊሠራ አይችልም። ከዚያ ወዲህ 11 ዓመት በመንገድ ላይ ቆየ። አዲስ መስፈርት ሲወጣ አሮጌዎቹን ማንም አይጠራቸውም። ይሄዳሉ፣ ይሸጣሉ፣ ከትምህርት ቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያም ወደ ሌላ። ያገለገለ መኪና በምትገዛ አገር የምንኖር ሰዎች ይህችን ነገር ልብ ልንላት ይገባል።

ፍርድ ቤቱን በአጭሩ ላሳልፈው። የፒካፑ ሹፌር መጀመሪያ በ27 ሰው ግድያ ተከሰሰ። ዳኞቹ በዲሴምበር 1989 ከዚያ ዝቅ ባለ የነፍስ ማጥፋት ጥፋተኛ ብለው 16 ዓመት ፈረዱበት። በ1999 ተፈታ። አነሰ የሚሉ ነበሩ፤ አሁንም አሉ። የእኔ አስተያየት ለዚህ ጉዳይ አይጠቅምም።

የሚገርመኝ ሌላው ክስ ነው። አብዛኞቹ ቤተሰቦች ከአምራቾቹ ጋር በካሳ ተስማምተው ጨረሱ። ሁለት ቤተሰቦች ግን አሻፈረኝ አሉ። ሰካራሙን ይቅር ብለው አልነበረም። የእነሱ ክርክር ሌላ ነው፤ ሰካራሙ አውቶቡሱን ገጨው፣ ልጆቻችንን የገደለው ግን የአውቶቡሱ አሠራር ነው አሉ። የዚያች የ10 ዓመት ልጅ እናት ካሮሊን ነናሊ ከእነሱ አንዷ ናቸው። ሴትዮዋ በኋላ ጠጥቶ መንዳትን የሚቃወሙት እናቶች ማኅበር ብሔራዊ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። አያችሁ፣ አንዱን ጥፋት ለመያዝ ሌላውን አልለቀቁም። በአንድ እጃቸው ጠጪውን፣ በሌላው ሰርባቶዮውን ያዙ።

መርማሪው ቦርድም እንዲሁ ነው ያደረገው። የአደጋው መንስኤ ሰክሮ መንዳት ነው ብሎ ደመደመ። እዚያ ላይ ግን አላቆመም። ጉዳቱን ያባባሱት ብሎ ለየብቻ ጻፈ፦ ሰርባቶዮው መበሳቱ፣ የወንበሩ ስፖንጅ በቀላሉ መቀጣጠሉ፣ የኋላው በር በወንበሮቹ በከፊል መዘጋቱ። አደጋውን ያመጣው አንድ ነገር ነው፤ ሰዉን የጎዳው ሌላ።

እኛ ይህን መለያየት ብዙም አንለምደውም። ስንቶቻችን ነን የትራፊክ ዜናውን በቃላችን የምናውቀው! ከዚህ ቦታ ወደዚያ ቦታ ሲጓዝ የነበረ የሕዝብ ማመላለሻ ከአይሱዙ ጋር ተጋጭቶ የዚህን ያህል ሰው ሕይወት አለፈ፣ የዚህን ያህሉ ከባድና ቀላል ጉዳት ደረሰበት፣ የአደጋው መንስኤ ከፍጥነት በላይ ማሽከርከር ነው። አለቀ። ውሸት አይደለም፤ ፍጥነት ይገድላል። ግን ውስጥ ስለነበሩት አንድም አይጠየቅም። ወንበሩ ተነቅሎ ነው ወይ የተጎዱት? ስንቱ መተላለፊያው ላይ በበርጩማ ተቀምጦ ነበር? ፖርቶመጋላው ላይ የተከመረው ዕቃ ነው ወይ መኪናውን የገለበጠው? ተገልብጦ በሩ በስሩ ሲሆን ሰዉ በየት ወጣ? እነዚህ ካልተጠየቁ የሚቀጣው ሹፌሩ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሹፌሩ ሞቷል።

ኬንታኪ ከዚያ በኋላ የትምህርት ቤት አውቶቡሶቿን ለወጠች። ግዛቷ የምትገዛቸው ዘጠኝ መውጫ አላቸው፦ የፊት በር፣ የኋላ በር፣ የጎን በር፣ አራት ሊገፉ የሚችሉ መስኮቶች፣ ሁለት ደግሞ ጣሪያው ላይ። የፌደራሉ ሕግ ከሚጠይቀው ይበልጣል። ሰርባቶዮው በብረት ቀፎ ይታጠራል፣ ቤንዚኑ በናፍጣ ተተካ፣ ወንበሩ ቶሎ በማይቀጣጠል ነገር ተለበጠ። የጣሪያዎቹ መውጫዎች መጀመሪያ ትርፍ ነገር መስለውኝ ነበር። ከዚያ አሰብኩት። አውቶቡስ በጎኑ ሲተኛ ጣሪያው ግድግዳ ይሆናል፤ መውጫው ቆመህ የምትወጣበት በር ይሆንልሃል።

አሜሪካ ያላችሁ ልጃችሁ የሚሳፈርበትን ቢጫ አውቶቡስ ከኋላው እዩት። ያ ትልቅ በር፣ ጎኑ ላይ ያለው ቀይ እጀታ፣ በየዓመቱ ልጆቹ እንዴት እንደሚወርዱ የሚለማመዱት ልምምድ። ልጃችሁ ስለ ልምምዱ ሲያወራ ጨዋታ ይመስላል። የተለካው ግን ጊዜ ነው።

እኛ ጋ ያለውን የማውቀው እንደማንኛውም ተሳፋሪ ነው። ባለፈው ወደ ደሴ ስሄድ ከመናኸሪያ አንዱ ቅጥቅጥ ላይ ገባሁ። ይህን ጉዳይ ያነበብኩ ሰሞን ስለሆነ ዓይኔ ወደ ኋላ ነው የሄደው። የኋላ በር አለ። በሩ ላይ ሦስት ጆንያ ሽንኩርት ተደግፏል፤ ጆንያው ላይ ፍራሽ፣ ፍራሹ ላይ አንዲት እናት ሕፃን ታቅፈው ተቀምጠዋል። መተላለፊያው ላይ ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካኖች ተደርድረዋል። መስታወት መስበሪያው መዶሻ የሚሰቀልበት ቦታ አለ፤ መዶሻው የለም።

ረዳቱን ጠራሁት። ወጣት ነው፣ ሳቂታ።

«ወንድሜ፣ ያ በር ባይዘጋ ጥሩ አይደለም?»

ዞር ብሎ አየው። በሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው መሰለኝ።

«የቱ? እሱማ አይከፈትም እኮ ጋሼ። ድሮም አይከፈትም።»

«እኮ ለምን?»

«አቧራ ያስገባል ተብሎ ተበየደ። አይዞህ ጋሼ፣ ሹፌራችን አሪፍ ነው፣ አይበርም።»

ከኋላ ያሉት እናት «ልጄ ምን ፈልገህ ነው?» አሉኝ። ሽንኩርቱ የእሳቸው ነው። «ምንም እማማ፣ እንዲያው ነው» አልኳቸው። ምን ልበላቸው? ኑሯቸው ያለው ጆንያው ውስጥ ነው።

መስኮቱ ጋ ያለው ወንበር ባዶ ስለነበር ወደዚያ ተዛወርኩ። መኪናው ሳይነሳ መስታወቱን ገፋ አደረግሁት። ትንሽ ታገለኝ፤ ከዚያ አንድ ስንዝር ያህል ተከፈተና ቆመ።